ከስፒከሩ በፊት ጣሪያው

በሱዳን ገዳሪፍና ገላባት አካባቢ ለሚኖር አበሻ ቤትን ሲኒማ የማድረጉ ሥራ የሚጀምረው ከጣሪያ ነው። የአገር ቤት ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ካለ ሳተላይት ይሠራጫል፤ የዐረብኛ ጣቢያዎች የሚበዙበት ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ። በ64 ዲግሪ የተራራቁትን ሁለት ሳተላይቶች አንድ ተራ ዲሽ አይዛቸውም። ስለዚህ ሁለት ዲሽ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ዳይሴክ የሚሉት ስዊች፣ ከዚያ አንድ ሪሲቨር ያስፈልጋል፤ ይህን በወረቀት ሳይነድፉ ወደ አምፕሊፋየር መሮጥ ገንዘብ መበተን ነው። ገመዱን እየነቀልኩ እቀያይራለሁ የሚል አይጠፋም። ይችላል፤ ግን የሪሲቨሩ መሰኪያ እየላላ ይሄዳል፣ የስዊቹ ዋጋ ደግሞ ከስፒከሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የመብራቱ ነው፦ በሚያዝያ 2015 ጦርነት በተነሣባት ሱዳን፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ስለ ሲኒማ ድምፅ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? በእኔ እምነት ዕቅድ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በሶላርና በባትሪ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው እያንዳንዱ ዕቃ የሚበላውን ዋት መቁጠር አለበት። ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ አነስተኛ ባለሁለት ስፒከር አምፕሊፋየር አንድ የድምፅ ገመድ ይበቃዋል፤ በሲኒማ ጥቅል የሚሸጡትን የቀሩትን ስፒከሮች ሻጩ ራሱ ያዳምጥባቸው።