ጥርስ ያላላል ስለሚባለው እጥበት

የወገራን ደጋ አቋርጦ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ዳር በተቀመጡት ከተሞችም ሆነ ከስሜን ተራሮች ግርጌ በተበተኑት የገብስ አገር መንደሮች፣ ሰው ጥርሱን የሚያስበው ሲያመው ነው፤ ድዱን ግን፣ አምርሮ የማያም ስለ ሆነ፣ ጥርሱ በጣት ሲነካ መወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ አያስበውም። ሌላው ደዌ እየጮኸ ሲመጣ የድድ ደዌ ዐሥርና ሃያ ዓመት ሙሉ በዝምታ የመንጋጋውን አጥንት ከጥርሱ ሥር እያሳሳ ይኖራል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የሚሰጠው ምስክር ቢኖር መፋቂያ ሲነካው ወይም ቆሎ ሲቆረጠም ምራቅን የሚያቀላ ጥቂት ደም ነው፤ እርሱንም አብዛኞቻችን «መፋቂያው ወግቶኝ ነው» ብለን ተፍተን እናልፈዋለን።

እናቶቻችን ግን እንዲህ አላለፉትም። በጎንደርና በስሜን፣ ከተከዜ ማዶም በትግራይ፣ ልጃገረዶች ድዳቸውን በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጉ በጥላሸት ይነቀሱ የነበረው ለውበት ብቻ እንዳልሆነ፣ ጥቁሩ ድድ የጥርሱን ንጣት እንደሚያጐላ ሁሉ ንቅሳቱ የሚደማውን ድድ ያጠነክራል ተብሎም እንደ ነበር፣ የዳባቷ አክስቴ በሕይወት ሳለች ደጋግማ አጫውታኛለች። የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ የምታሳየኝ ድድ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነበር፤ ከፊት ጥርሶቿ ግን የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። እኔ በእነዚህ አሮጊቶች ከሚሥቁት ወገን አይደለሁም። የድድ መድማት ደዌ እንደ ሆነ፣ ደዌም ከሆነ ፈውስ እንዲፈለግለት የሚገባ እንደ ሆነ አስቀድመው ያወቁ እነርሱ ናቸው፤ የሳቱት በፈውሱ ነው። የተቈጣ ድድ መቅላቱ ለሐኪም የመጀመሪያው ምልክት ሲሆን ጥላሸቱ ይህንኑ ምልክት ይሸፍነዋልና፤ መርፌው ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዪቱ አፍ ሲተላለፍ ያመጣ የነበረው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። እኛስ ምን የተሻለ አደረግን? ድዳችን ባበጠ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተን እንውጣለን፣ እብጠቱ ለጊዜው ይመለሳል፣ ምክንያቱ በቦታው ይቀራል፤ ይህም በእንክብል የተነቀሱት ንቅሳት ነው።

የነገሩ ሥር ግን ሩቅ አይደለም። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን በአንድነት የሚያበጁት የሚያጣብቅ ልባድ በየቀኑ ይሠራል፤ ይህ ልባድ ሳይጠረግ ከዋለና ካደረ፣ በምራቅ ውስጥ ያለው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን እየገባበት በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምርና፣ ሐኪሞች ታርታር የሚሉት ድንጋይ ይሆናል። ይህንን ለማየት የሚሻ ሰው ምላሱን አንሥቶ የታች የፊት ጥርሶቹን ጀርባ በመስተዋት ይመልከት፤ ከምላስ ሥር የምራቅ መውጫ በዚያ ስለሚገኝ ድንጋዩ በመጀመሪያ የሚገነባው እዚያ ነው። ከድድ በላይ ያለው ቢጫ ነው፤ ከድድ በታች የገባው ግን ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ጋራ እጅግ የተጣበቀ ነው። ድዱ ከዚህ ሸካራ ድንጋይና በላዩ ከሚኖሩት ተሕዋስያን ሲሸሽ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። በጤነኛ ድድ በጥርሱና በድዱ መካከል ያለው ጥልቀት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 5 ወይም 6 በደረሰ ጊዜ ወይራም ቢሆን፣ ልምጭም ቢሆን፣ ክትክታም ቢሆን፣ የፋብሪካውም ብሩሽ ቢሆን ወደ ውሳጤው ሊደርስ አይችልም። አበው ያወረሱንን መፋቂያ እየነቀፍሁ እንዳይመስል፤ የጥርስን ፊት ለማጽዳት ደኅና መሣሪያ ነው፤ የኪሱ ወለል ግን ከግዛቱ ውጭ ነው።

ይህ ደዌ ለሁሉ በእኩል የተመደበ አይደለም። የኖርዌዩ ሊቅ ሃራልድ ሎ ከባልደረቦቹ ጋራ በስሪላንካ ተራሮች የሚኖሩ፣ ጥርስ የመቦረሽ ልማድም የጥርስ ሐኪምም የሌላቸውን 480 የሻይ ተክል ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ሲከታተል፣ ከመቶው 8 የሚሆኑት በፍጥነት ጥርሳቸውን ሲያጡ፣ 81 የሚሆኑት በመካከለኛ አካሄድ ሲጐዱ፣ 11 የሚሆኑት ግን ድዳቸው ከመቈጣት ዐልፎ አጥንታቸው እንዳልተነካ አገኘ። «አያቴ ምንም ሳያደርግ በሙሉ ጥርሱ ሞተ» የሚል ሰው በየመንደሩ የሚገኘው ስለዚህ ነው፤ አያትየው ከዐሥራ አንዱ ወገን ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2022 መግለጫ መሠረት የከፋው የድድ ደዌ በዓለም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል፤ የስኳር ሕመም ያለበትና ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጠቃል።

ፈውሱም አዲስ አይደለም። የዛሬ 1,000 ዓመት ግድም በኮርዶባ የነበረው ሐኪም አቡልቃሲም አል-ዘህራዊ፣ ከጥርስ ላይ ድንጋይ የሚፈቅባቸውን 14 ብረቶች በመጽሐፉ ውስጥ ሥሎ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካዊው ጆን ሪግስ የሚመግለው ድድ እንዲድን ከድዱ በታች ያለው የጥርስ ሥር መጽዳት እንደሚገባው በጽሑፍ ስለ ተከራከረ፣ ደዌው ራሱ ለብዙ ዘመን በስሙ ሲጠራ ኖረ። ዛሬ ጥልቅ እጥበት የሚባለው ከዚህ የመነጨ ነው። የተለመደው እጥበት ከድድ በላይ ያለውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ ይህኛው ግን ድዱ በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ አፍን ብዙ ጊዜ በአራት ከፍሎ በየቀጠሮው አንዱን ክፍል እያጸዳ ወደ ኪሱ ወለል ይወርዳል። ሐኪሙ በዚያ የሚሠራው በማየት ሳይሆን በመዳሰስ ነው፤ የብረቱ ጫፍ በድንጋዩ ላይ ሲንገራገጭ በጣቱ ይሰማዋል፣ ሥሩ ለስልሶ ብረቱ ያለ እንቅፋት ሲንሸራተት ያን ጊዜ ያቆማል። በድምፀ ሞገድ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያም አለ፤ ያፈጥናል እንጂ የሠለጠነ እጅን አይተካም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልግባ፤ በአገራችን ሰዎችን ከዚህ ፈውስ የሚያርቃቸው ከገንዘቡ ቀጥሎ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ታጥበው የመጡ ሰዎች በእውነት የታች ጥርሶቻቸው ሲነቃነቁ አይተዋል። ነገር ግን ሥሩ የበሰበሰ የቤት ምሰሶ ጭቃ ምርጊቱ ደግፎት ቆሞ ሳለ ምርጊቱ በፈረሰ ጊዜ ቢወዛወዝ፣ ምሰሶውን ያበሰበሰው ምርጊት አፍራሹ ነው አይባልም። ድንጋዩ ጥርሶቹን እርስ በርሳቸው አያይዞ ያቆማቸው ነበር፤ አጥንቱን የጨረሰውም እርሱና ተባባሪዎቹ ናቸው። ከእጥበቱ በኋላ የድዱ እብጠት ሲጐድል ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ በጥርሶች መካከልም ክፍተት ይታያል፣ በደባርቅ የማለዳ ውሃ የተጉመጠመጠ ሰውም ጥርሱን እስከ ጆሮው ድረስ ይቀዘቅዘዋል። ይህንን አስቀድሞ ለሕሙሙ ያልነገረ ሐኪም ወሬውን እርሱ ራሱ እያስፋፋው እንደ ሆነ ይወቅ።

ሌላው ጥርጣሬ ከባሕር ማዶ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በሄደ በመጀመሪያው ቀን ጥልቅ እጥበት ያስፈልግሃል ቢባል ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ አራት ጊዜ ና አሉኝ፤ የሚያጥቡት ጥርሴን ነው ወይስ ኪሴን?» አለኝ። መጠርጠሩ አልከፋኝም፤ ትርፍ ባለበት ሁሉ ሳያስፈልግ የሚታጠብ አይጠፋም። ግን ይህ ነገር ልኬት አለው። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በስድስት ነጥብ የተለካው አኃዝ ይነበብልህ፣ የራጅ ፎቶው ላይ አጥንቱ ምን ያህል እንደ ወረደ በጣት ያሳዩህ አልሁት፤ 2 እና 3 ብቻ ካነበቡልህ የተለመደው ይበቃሃል፣ ደም የሚያፈስስ 5 እና 6 ከበዛ ግን ገንዘብህን አትሰስት።

የእኛ ሰው በደባርቅ ይህን ሊጠይቅ የሚችልበትን ቀን ለማቅረብ የሚያስፈልገው፣ እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ ያማረ ወንበር አይደለም። የእጅ መፋቂያ ብረቶቹ በእንፋሎት እየተቀቀሉ ደጋግመው የሚያገለግሉ ናቸው፣ መብራት በጠፋም ጊዜ ይሠራሉ፤ የሚቸግረው የሠለጠነ እጅና የሚመለስ ሕሙም ነው። ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ ሊጠራ የሚገባው፣ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዳባት የ75 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ነው፣ በዚያችው ወረዳም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን እያዳረሰ ልደትንና ሞትን የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ አለው። ቤት ለቤት የሚዞር መዝጋቢ ካለ «ድድህ ይደማል? የሚነቃነቅ ጥርስ አለህ?» ብሎ መጨመር ብዙ ወጪ የለውም። የጠፋው አጥንት ተመልሶ አይበቅልምና፣ ኪሱ ዳግመኛ እንዳይጠልቅ የታጠበው ሰው በየሦስት ወሩ ግድም መታየት አለበት፤ ለስሜኑ የጃናሞራ ገበሬ ደግሞ ቀጠሮው በወርና በቀን ቁጥር ተጽፎ ከሚሰጠው ይልቅ ከመስቀል በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ቢባልለት፣ ወደ ከተማ ለገበያም መውረዱ ስለማይቀር፣ ሳይመጣ አይቀርም።