ስማችን ጌሙ ውስጥ፣ እኛ ከጌሙ ውጭ

ወገን! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንቺንም እህቴ። ስትራቴጂ ጌም ተጫውተህ ታውቃለህ? የኳሱን አላልኩም፣ የተኩሱንም አላልኩም። ከተማ የምትቆረቁርበትን፣ ገበሬ አሰማርተህ እህል፣ እንጨትና ወርቅ የምትሰበስብበትን፣ ጦር አደራጅተህ ሌላውን የምትገጥምበትን ማለቴ ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ ስታርክራፍት፣ ሲቪላይዜሽን፣ ስልክ ላይ ደግሞ ክላሽ ኦፍ ክላንስ። ስለነዚህ ስታወራ «ሥራ ፈት» የሚሉህ አሉ። ይበሉ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ስሙን ለምጄዋለሁ። ዛሬ የማወራህ ግን ስለ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። «ጭንቅላት ያለው ያሸንፋል» ተብሎ የቀረበልን ውድድር ገና ሳይጀመር ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ መሆኑን ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ የሚያኮራውን እንናገር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ሲቪላይዜሽን 4 በ2007 በወጣው ተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያን ሲያስገባ መሪዋ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ። በ2012 ሲቪላይዜሽን 5 ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጡ። በ2020 ሲቪላይዜሽን 6 ላይ ዐፄ ምኒልክ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ደግሞ በ2015 ኢትዮጵያውያንን አስገባ። ቀስተኞቻችን ከሌላው ፈጥነው ይተኩሳሉ፣ ሾተል የታጠቀ ተዋጊ አለን፣ የዮዲት ታሪክ ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቷል። ወታደሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። በአማርኛ! መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጌ እናቴን ጠራኋት።

እሺ፣ ይሄን ኢትዮጵያ የሚባል ጦር ኦንላይን ላይ የሚያዘው ማን ነው? ብራዚል ያለ ልጅ ነው። ጀርመን ያለ ልጅ ነው። ኢትዮጵያን ይመርጣል፣ ሾተሉን ያሰልፋል፣ አማርኛውን ሳይገባው እየሰማ ያሸንፋል። የአማርኛው ባለቤት ደግሞ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። ምኒልክ ሲቪላይዜሽን 6 ውስጥ የገቡት መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2012። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቶ ነበር። ንጉሡ ጌሙ ውስጥ ሊገቡ ሲዘጋጁ እኛ መልእክት እንኳ መላላክ አቅቶን ቁጭ ብለን ነበር። ይሄን ማንም አስቦ አላቀናጀውም፣ አጋጣሚ ነው። ግን ነገራችንን እንዲህ አሳጥሮ የሚናገር አጋጣሚ አላየሁም።

«ኔትወርክህ ደካማ ከሆነ ጌሙ ምን ያድርግህ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንየው፣ የተማርነው ለዚህ አይደል።

ስምንት ሰው ሲጫወት፣ እያንዳንዱ ሁለት መቶ ነፍስ ቢያንቀሳቅስ፣ ሜዳው ላይ 1,600 ነፍስ አለ ማለት ነው። የእያንዳንዱን ቦታ በየቅጽበቱ በኢንተርኔት መላክ አይታሰብም። የመጀመሪያውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በ1997 ያወጡት ሰዎች መላ ዘየዱ። የሚላከው ትእዛዙ ብቻ ይሁን አሉ። «ይሄ ፈረሰኛ ወደዚያ ይሂድ» የሚለው ቃል ብቻ ይሄዳል፣ ቀሪውን ሁሉም ኮምፒውተር በየቤቱ ያሰላዋል። ያኔ ያሰቡት በሰከንድ 28.8 ኪሎ ቢት ብቻ ለሚያስተላልፍ የስልክ ሞደም ነው። ዛሬ እኛ «ቀርፋፋ» የምንለው መስመር ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አድናቆቴን አልደብቅም፣ ለድሃ መስመር ታስቦ የተሠራ ድንቅ ምህንድስና ነው።

ግን ዋጋ አለው። ስምንቱም ኮምፒውተር እኩል መራመድ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ሰባቱ ቆመው ይጠብቁታል። ሌላም አለ። ሠሪዎቹ ራሳቸው በ2001 እንደጻፉት፣ አንዲት ሚዳቋ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በጥቂቱ ተንሸራታ ብትቆም፣ ከደቂቃዎች በኋላ አዳኙ ጦሩን ይስታል፣ ሥጋው ይቀራል፣ ከዚያ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የተለያየ ዓለም ውስጥ ናቸው። ጨዋታው ይፈርሳል። ደግሞ ሁሉም ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር ስለሚያውቅ፣ ያ ጥቁር የምታየው ያልተገለጠ ካርታ መጋረጃ ብቻ ነው። መጋረጃውን የሚገልጥ ፕሮግራም የጫነ ሰው ጓዳህን ድረስ እያየ ይገጥምሃል። አንተ ደግሞ «እንዴት አወቀብኝ?» እያልክ ራስህን ትወቅሳለህ።

እና ዘግይቶ ሰባቱን የሚያስጠብቀው ማን ይመስልሃል? እኔና አንተ ነና! ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአሞራ በረራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ከ10,000 በላይ። ይሄ ብቻውን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይበላል፣ የዓለም ምርጡ መስመር ቢዘረጋልህ እንኳ። የኛ መስመር ደግሞ በአሞራ መንገድ አይሄድም። ባሕር በር የለንም፣ በጎረቤት አገር ዞሮ የባሕር ገመድ ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት የሰፈርህ ማማ አለ፣ ማታ ማታ ሰው ሁሉ የሚጋፋበት። ከዚያም በፊት መብራት አለ። ሰባት የማታውቃቸው ሰዎች በሰባት ቋንቋ ሲሰድቡህ፣ እወቀው፣ እየተሰደበ ያለው ጂኦግራፊህ ነው፣ ጭንቅላትህ አይደለም።

ለርቀቱ ማንንም አልከስም። ፊዚክስ ላይ ሰልፍ አይወጣም። የምከሰው ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ በእጃችን ነበረ፣ ወሰዱብን።

መድኃኒቱ ገመድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሮችን በገመድ አገናኝቶ ያለ ኢንተርኔት መጫወት። በ1998 የወጣው ስታርክራፍት በአንድ ሲዲ እስከ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል እንዲጫወት ፈቅዶ ነበር። በሕጋዊ መንገድ፣ ሳይሰረቅ! አንዱ ይገዛል፣ ሰፈሩ ይጫወታል። እንደ ቡና ነው በለው፣ አንዱ ቤት ይፈላል ጎረቤት ይጠራል። ከዚያ በ2010 ስታርክራፍት 2 ወጣ። ገመዱ የለም። ጎንህ ከተቀመጠ ጓደኛህ ጋር ለመጫወት ሁለታችሁም ባሕር ተሻግራችሁ የኩባንያውን ሰርቨር ደጅ መጥናት አለባችሁ። ተጫዋቾች ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። የሰማቸው የለም። ሽልማት ባለው ትልቅ ውድድር ላይ እንኳ ተጫዋቾቹ አንድ አዳራሽ ተቀምጠው ግንኙነት ተቋርጦ ጨዋታ የተበላሸበት ጊዜ ነበር። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ስርቆትን መከላከል ነው። ገባኝ። ግን ሌባው በመጨረሻ መንገዱን አያጣም፣ ደጅ የቀረው ኢንተርኔት የሌለው ሰው ነው።

«ያለ ኢንተርኔት አይሆንም» የሚለውን አትመን። በ2013 ሲምሲቲ የሚባለው ከተማ የመገንባት ጌም ያለ ኢንተርኔት እንዳይከፈት ተደርጎ ወጣ። የወጣ ሰሞን ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው ገንዘቡን የከፈለ ሰው መግባት አቃተው። ቀላል አይደለም፣ ጌሙ ከሥሩ ለኦንላይን ነው የተሠራው እያሉ ከረሙ። በ2014 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አደረጉት። ሆነ አይደል?

በዚያው በ2014 ጌምስፓይ የሚባለው አገልግሎት ተዘጋ። ብዙ የቆዩ ጌሞች ተጫዋቾቻቸውን የሚያገናኙት በሱ በኩል ስለነበር፣ ቤቱ ሲፈርስ ተከራዮቹም አብረው ወጡ። ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ጄኔራልስ አንዱ ነው፣ አድናቂዎቹ ራሳቸው ሰርቨር ሠርተው እስኪያድኑት ድረስ። አውሮፓውያኑ ግን ዝም አላሉም። በ2024 አንድ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሲዘጋ፣ «የገዛነውን ጌም አትግደሉብን» የሚል ዘመቻ ተነሣ፣ በ2025 ለአውሮፓ ኅብረት የሚቀርበው ፊርማቸው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ለጌም! እኛ ለየትኛው መብታችን ነው እንዲህ የተፈራረምነው? ይሄን ጥያቄ እዚህ ልተወው።

ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ክላሽ ኦፍ ክላንስ በ2012 ከፊንላንድ ሲመጣ ነፃ ነው ተባለ። ግባ፣ ግንብ ሥራ። መጀመሪያ ግንቡ በደቂቃ ያልቃል፣ ቀጥሎ በሰዓት፣ ቀጥሎ በቀናት። መጠበቅ ከመረረህ በዶላር እንቁ ትገዛና ወዲያው ያልቅልሃል። ስትተኛ ጠላት መጥቶ ያከማቸኸውን ይዘርፍሃል። ዶላሩን ከየት ታመጣለህ? ደሞዝ የሌለው ሰው ከደሞዝተኛ ጋር በስትራቴጂ አይወዳደርም፣ በኪስ ነው የሚወዳደረው፣ ኪሱ ደግሞ ባዶ ነው። የሰፈሬ ልጆች የምሳ ብራቸውን ለዳታ ፓኬጅ ሲያወጡ አያለሁ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ያን ወጥመድ «የአእምሮ ጨዋታ» ብሎ የሚያሻሽጥ ላይ ግን እፈርዳለሁ።

አሁንም «ወንድሜ፣ ጌሙን ተውና ሥራህን ፈልግ» የምትለኝ አለህ። እሺ፣ ስለ ሥራ ልንገርህ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀጣሪ ማመልከቻዬን ተቀብሎ ፈተናውን ኦንላይን አደረገው። ስልሳ ደቂቃ፣ አርባ ጥያቄ። ሃያ ስድስተኛው ላይ መስመሩ ሄደ። ሲመለስ የተጻፈልኝ ምን መሰለህ? «ተፈታኙ ፈተናውን አቋርጧል።» አቋርጧል! እኔ ነኝ ያቋረጥኩት? ደወልኩ፣ «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ጌሙም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። መስመር ሲቆረጥ ሸሽቶ ወጣ ብሎ ይመዘግብሃል፣ ነጥብህን ይቀንሳል፣ ደረጃህን ያወርዳል። የመስመርህን ድክመት የአንተ ሽንፈት አድርጎ የሚጽፍ ሲስተም ጌም ውስጥም አለ፣ ሥራ ፍለጋ ውስጥም አለ። ጌሙ ላይ ስናገር ሳቅህብኝ፣ ፈተናው ላይስ ትስቃለህ?

ስለዚህ ያ ደረጃ የሚሉትን ቁጥር ተወው። ማታ ማታ ፒንግ ሲወጣና ሲወርድ እያየህ ደምህ አይፍላ። ወደ ክፍሉ እንመለስ። በገመድ የሚሠሩ የቆዩ ጌሞች አሉ። የ1999ኙ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 አለ፣ የ2002ቱ ዋርክራፍት 3 አለ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን ዜሮ ኤዲ የሚባለውን እወቅ። በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ በነፃ የሚወርድ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ጌም ነው። አንዴ ካወረድከው በፍላሽ ለሰፈሩ ሁሉ ታድለዋለህ፣ ሌባ የሚልህ የለም። የአንዱን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ጽፈህ በገመድ ትገባለህ፣ የማንንም ሰርቨር ደጅ አትጠናም። እውነቱን ለመናገር ጦሩ ሲበዛ ይጎትታል፣ ከ150 በላይ ነፍስ ባትጭኑበት ይሻላል።

የሚያስፈልገው ስምንት ቀዳዳ ያለው ስዊች አንድ፣ የኔትወርክ ገመድ እንደ ሰዉ ብዛት፣ መብራት ያለበት ሰዓት። ፋየርዎሉ ካስቸገረ ለጌሙ ፍቀድለት። ስዊቹን አዋጥተን እንገዛለን፣ የተዘጋ ጌም ቤት ያለው ሰው ካለ ደግሞ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶለት ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዜሮ ኤዲ ውስጥ ሮም አለ፣ ፋርስ አለ፣ ካርቴጅ አለ፣ ከ2018 ጀምሮ ጎረቤታችን ኩሽም አለ። ዋናው ጌም ውስጥ አክሱም የለም። ሐውልቱ አለ፣ ሳንቲሙ አለ፣ ወደቡ አዱሊስ አለ። የሰው ልጅ በጎ ፈቃድ ሠርቶ ክፍት ትቶታል፣ ከልካይ የለም። የወታደሩና የሕንፃው መረጃ የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማርነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀህ ቤት የተቀመጥክ፣ ታሪክ ተመርቀሽ ቤት የተቀመጥሽ፣ በብሌንደር ሕንፃ መሥራት የምትችሉ፣ የግዕዙን አጠራር የምታውቁ፣ ከታች ከተማችሁንና የምትችሉትን ሥራ ጻፉ። እኔ የጦር ኃይሉን መረጃ ጀምሬዋለሁ። የጎደለኝ የሐውልቱን ልኬት የሚያውቅ ሰው ነው፣ አክሱም ያላችሁ ልጆች ቀድማችሁ ጻፉልኝ።