ለብርሃን ጓዳ ስም እናውጣለት



በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር የአርት ተማሪዎች የሰፈራችንን ስም በየቀኑ ከታክሲ ረዳት አፍ እየሰማን ትርጉሙን ሳናስብበት ኖረናል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ፍችውም ሽቦ ማለት ነው። አባቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት ባወቁ ጊዜ የፈረንጅ ስም ሲለምኑ አልዋሉም፤ «ንፋስ ስልክ» አሉትና ዐረፉ። ስሙም ለክፍለ ከተማ ተረፈ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ ሰፈር አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛ አለን። ሌሊት ሌሊት ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ የተጣመመ ክብ ይሥላል። ምን እንደሚሠራ ብንጠይቀው ከዐሥር ቃል ዘጠኙን በእንግሊዝኛ መለሰልን። ከመካከላችንም አንዱ «ይህ ለአገር ምን ይጠቅማል?» ብሎ አላገጠበት። በኋላ በራሳችን አፍረን፣ መብራት ሁለት ጊዜ እየጠፋብን፣ ሦስት ማታ አስረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ሥር ግድግዳውን ተጠግቶ የሚያንሾካሹክ ሰው፣ ድምፁ ክቡን ግድግዳ እየታከከ ሄዶ ማዶ ላለው ይሰማል። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ምክንያቱን መርምሮታል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። ከጠጉር በቀጠነ ክብ የሴሚኮንዳክተር ገበታ ውስጥ ያለ ብርሃን ግድግዳውን ፊት ለፊት ካልመታው በቀር መውጫ የለውም፤ ዳር ዳሩን ሲዞር ይኖራል። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በዚህ መንገድ ጥቃቅን ሌዘር ሠሩ። ችግሩ ግን ክብ ነገር ፊትም ጀርባም የለውም፤ ሾልኮ የሚወጣው ጥቂት ብርሃን በዙሪያው ሁሉ ይበተናል። እንዲህ ያለውን ማን ይሰበስበዋል?

መላው ክቡን ጥቂት ማጣመም ሆነ። በ1997 ኖከልና ስቶን፣ ገበታው ሲጣመም የብርሃኑ መንገድ ቢዘበራረቅም መውጫው ግን የታወቀ አቅጣጫ እንደሚይዝ አሳዩ። በ1998 ግማክል፣ ካፓሶና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለ የተጣመመ ሌዘር ሠርተው ከክቡ እስከ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ኃይል አገኙ። በ2008 ደግሞ ቪርዚግና ሄንትሸል ፈረንሳዮች በቀንድ አውጣ ስም በሚጠሩት ቅርጽ ብርሃኑ በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን እንደሚወጣ በስሌት አገኙት፤ ሠሪዎቹ ከኋላ ተከተሉ።

እኛን የማረከን ይህ ነው። የክቡን እኩልታ በብዕር መፍታት ይቻላል። የተጣመመው ግን ለብዕር አይገዛም። ስለዚህ ወይ ጨረሩን እንደ ካራምቡላ ኳስ ከግድግዳ ግድግዳ እያላተሙ ይከተሉታል፣ ወይም ዳሩን በብዙ መቶ ነጥቦች ከፋፍለው የየነጥቡን ሞገድ ኮምፒዩተር ባንድነት እንዲፈታው ያደርጋሉ። ይህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ኮምፒዩተር፣ መብራትና ጭንቅላት ይበቃዋል። በአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ፍስሐ ካሳሁን የብርሃንን የኳንተም ጠባይ በስሌት ሲያጠኑና መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል። መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

በዚህ ፊዚክሶችን አንወቅስም። ጉድለቱ የእኛ፣ የቋንቋ ተማሪዎቹ ነው። ቅኔ እንፈታለን እንላለን፤ ጓደኛችን ለእናቱ ሥራውን የሚነግርበት አንድ ቃል ግን አላዋስነውም። «እንግሊዝኛውን ብንተው ከዓለም እንለያለን» የሚሉ አሉ። ተዉት ያለ የለም፤ ፈተናውንም ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ይጻፉ። «ሌዘር»ም ሌዘር ይባል፤ ለምደነዋል። ግእዝ ቆፍሮ ማንም የማይናገረውን ቃል ማውጣትንም አንደግፍም። የምንለው የቤት ቃል እንፈልግ ነው።

እኛ ጀምረናል። ብርሃን የሚታሰርበትን ገበታ «የብርሃን ጓዳ» አልነው። ጓደኛችን «ጓዳ እኮ ጨለማ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሆኖም ተቀበለን። በቁጥር የሚሠራውን ምስል «የቁጥር አምሳያ» ብለነዋል። የሚወጣውን ብርሃን ግን «ፍንጣቂ» ብንለው፣ ፍንጣቂ በየአቅጣጫው ይረጫል እንጂ ዐልሞ አይሄድም ብሎ ጣለብን። እውነቱን ነው። የተሻለ ቃል ያለው ለመጽሔቱ አዘጋጆች ጽፎ ይላክልን።