«ተበላሽቷል» መልስ አይደለም

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይን ከሚመልሱት ቃላት ሁሉ «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» የሚለውን ያህል አጭር፣ ደግሞም የማይመረመር ያለ አይመስለንም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢባል ስብሰባው መቼ እንደሚያበቃ ይጠየቃል። «ነገ ተመለስ» ቢባልም ነገ መድረሱ አይቀርም። ማተሚያው ተበላሸ ከተባለ ግን ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የብረት ነውና ጠያቂውም መላሹም አንገታቸውን ነቅንቀው ይለያያሉ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም አስተያየታችንን ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለማቅረብ ወደናል።

ትንሽ የማያሰኘው የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። አንድ ገበሬ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ፈልጎ፣ በማለዳ ብርድ ተነሥቶ፣ የመኪና ከፍሎና የሥራ ቀኑን አጥፍቶ ከመጣ በኋላ በዚያች አንድ ቃል ባዶ እጁን ይመለሳል። እኛም የመመረቂያ ጽሑፍ የማስረከቢያዋ ቀን ስትደርስ በጽሕፈት ሱቆች ደጃፍ ተሰልፈን የምሳ ገንዘባችንን በገጽ ቁጥር ስናካፍል እንውላለን። ታዲያ ያ ማሽን በእርግጥ ተበላሽቶ ኖሯልን?

እኛ የምንለው ብዙ ጊዜ አልተበላሸም ነው። ወይ ወረቀት ነክሶ ይዟል፤ ወይ ቀለሙ አልቋል፤ ወይ ወረፋው ተዘግቷል፤ ወይ ገመዱ ላልቷል። «ተበላሽቷል» እነዚህን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከትቶ አፉን የሚያስር ቃል ነው። ሐኪም በሽተኛውን አይቶ «ታሟል» ብቻ ብሎ ቢያሰናብተው ማን ሐኪም ይለዋል?

የሌዘር ማተሚያ አሠራር ተአምር የለበትም። በልጅነቱ የላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉሩ ላይ አሽቶ ብጣሽ ወረቀት ያነሣ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል። አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን በ1938 እ.ኤ.አ. በዚሁ ኃይል ደረቅ ዱቄትን ወረቀት ላይ አሳርፎ ጽሑፍን መገልበጥ ቻለ። ዛሬም ያው ነው። ድራም የሚባለው ጥቅል ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብርሃን ፊደሉን ይስልበታል፤ ቶነር የሚባለው ጥቁር ዱቄት በተሳለው ላይ ይጣበቃል፤ ወረቀቱ ዱቄቱን ይቀበላል፤ በመጨረሻም የጋለ ጥቅል ተጭኖ አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያዋሕደዋል።

ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው የታመመውን ገጽ ሊያነበው ይችላል። ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚራገፍ ከሆነ የሚያቀልጠው ሙቀት አልበቃም ማለት ነውና የወረቀቱ ዓይነት በትክክል መመረጡ ይታይ፤ እንዲያም ሆኖ ከተራገፈ ለባለሙያ ይነገር። ገጹ ሁሉ ፈዞ ከወጣ ዱቄቱ እያለቀ ነው፤ ቶነሩን አውጥቶ ግራና ቀኝ በቀስታ ቢወዘውዙት የቀረው ተስተካክሎ ለጥቂት ቀን ያገለግላል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ከተሰመረ ድራሙ ተጭሯል ወይም ቆሽሿል። አንድ ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከታየ ደግሞ አንዱ ጥቅል በዞረ ቁጥር ያንኑ እድፍ እያተመ ነው፤ ርቀቱን በማስመሪያ የለካ ሰው የትኛው ጥቅል እንደሆነ ለማወቅ ተቃርቧል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዐይንና ትዕግሥት ነው።

አካባቢያችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአንኮበርን የክረምት ጉም ለማያውቀው ሰው መንገር ያስቸግራል። ወረቀት እንደ ጨው ነው፤ እርጥበት ይስባል። ከፓኮው ወጥቶ በቀዝቃዛ ቢሮ ለሳምንት የተቀመጠ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጫፉ ይጠቀለላል፤ ሁለት ሦስቱ ተጣብቆ ይገባና ማሽኑ ይነክሰዋል። በሐምሌ «ማሽኑ አስቸገረ» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ፓኮው እንደ ታሸገ ይቆይ፤ የተከፈተውም ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ከመግባቱ በፊት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይፈልፈል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት መያዣዎች ወረቀቱን ሳያጨናንቁ ይጠጉት። ወረቀት የሚስበው ትንሽ የጎማ ጥቅል አቧራ ጠግቦ ሲያንሸራትትም ማሽኑን አጥፍቶ በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

የተነከሰውን ወረቀት ማውጣትም ጥበብ አለው። በንዴት በአንድ እጅ መንጨት ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ውስጥ የምትቀረው ብጣሽም ከፊተኛው የባሰ ሕመም ትሆናለች። ማሽኑን አጥፍቶ፣ የጋለው ክፍል እስኪበርድ ታግሦ፣ በሁለት እጅ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። መብራት በኅትመት መካከል ድርግም ሲልም ወረቀቱ በማሽኑ ሆድ ይቀራልና መብራቱ ሲመለስ ከሁሉ በፊት እርሱን መፈለግ ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒዩተሩ ይታመማል። አንድ የተጣመመ ሰነድ ከፊት ሆኖ መንገዱን ሲዘጋ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ «አትም» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል፤ መንገዱ ሲከፈት አንዱ ደብዳቤ ሃያ ጊዜ ይወጣና አንድ ቶነር በከንቱ ያልቃል። የታተመ ካልወጣ ደግሞ መጫን ከንቱ ነው። ወረፋውን ከፍቶ የቆመውን ሰነድ መሰረዝ፣ እምቢ ካለም በዊንዶውስ ውስጥ ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት አቁሞ እንደገና ማስነሣት ይበቃል። «ኦፍላይን» የሚል ከታየም ገመዱ፣ መረቡና የተመረጠው ማተሚያ በቅድሚያ ይታዩ። ሥራው ወደ ሌላ ክፍል ማተሚያ ሲላክ ውሎ እዚህ በከንቱ የሚጠበቅበት ጊዜ አለና።

የራሳችን ፊደል ጉዳይም አለ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጋጋታ ሆኖ ይታተማል፤ እነዚያ የቆዩ ፊደሎች ግዕዙን በላቲኑ ቦታ ደብቀው የሚያስቀምጡ ናቸውና። ኢትዮጵያዊው ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በዩኒኮድ ጽፎ፣ ፊደሉ አብሮ እንዲሄድም ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ወደ ኅትመት የወሰደ ተማሪ ከዚህ ጣጣ ይድናል። የማተሚያው ጥፋት አልነበረም።

ማሽንን ሳይመረምሩ መተው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለ ሙያ በሸዋ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። የዘመኑ ተጓዦች እንደ ጻፉት ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው አወገዙትና ወፍጮው ተተወ፤ ሴቶቻችንም ወደ ድንጋይ ወፍጯቸው ተመለሱ። ያንን ወፍጮ ያቆመው ያልተመረመረ አንድ ቃል ነበር። እኛ ግን በእነዚያ ካህናት ልንስቅ አይገባንም። እነርሱ «የሰይጣን ሥራ» ያሉትን እኛ «ተበላሽቷል» እንላለን፤ ፍጻሜው አንድ ነው፤ ማሽኑ ይቆማል፤ ድካሙም በድሀው ጫንቃ ይወድቃል።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ ብነካውና ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ» የሚሉ ጸሐፊዎችና ሠራተኞች መኖራቸውን እናውቃለን። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። የነካ የሚጠየቅበት፣ ያልነካ ግን የማይጠየቅበት ሥርዓት ሰው ሁሉ እጁን እንዲያጣጥፍ ያስተምራል። ስለዚህ ጥፋቱን በጸሐፊዋ ላይ መጣል አንሻም። ይልቁንም የሚፈቀደውና የሚከለከለው በጽሑፍ ይለይ እንላለን። መክፈት፣ የተነከሰ ወረቀት ማውጣት፣ መጥረግ፣ ቶነር መለወጥ፣ ወረፋ ማጽዳት ለሠራተኛው ይፈቀድ። የኤሌክትሪኩን ሣጥንና የጋለውን ክፍል መፍታት ለባለሙያ ይቆይ።

ከዚያም በየማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር በክር ታስሮ ይቀመጥ። ቀኑ፣ በመስኮቱ ላይ የታየው ቃል፣ የተደረገውና የተገኘው ውጤት ይጻፍበት። ወር ሳይሞላ ደብተሩ የማሽኑን ጠባይ ይናገራል፤ ባለሙያውም ሲጠራ «ተበላሽቷል» በሚል ወሬ ፈንታ ታሪክ ያገኛል። በየካቲት ወረቀት ያልነከሰ ማሽን በሐምሌ ሲነክስ ነገሩ የእርጥበት መሆኑን ያ ደብተር ከማንም አስቀድሞ ይመሰክራል።

የቀረው የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። በመካከላችን ኤሌክትሪክ የሚማሩ፣ ኮምፒዩተር የሚማሩ አሉ። በወረቀት ላይ ሽቦና ዑደት ሲፈቱ ይውላሉ፤ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመ ማተሚያ ሲያዩ ግን ዐልፈው ይሄዳሉ። ማኅበራችን ፈቃደኞችን መዝግቦ፣ ፈቃድ ከሚሰጠው ጋር ተነጋግሮ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን በየቢሮው ቢያሰማራቸው አገልግሎትም ትምህርትም ይሆናል። የሚያስተካክሉትን ያስተካክላሉ፤ የማይቻላቸውንም ቢያንስ በስሙ ጠርተው ያመለክታሉ።

ሁሉም ይድናል አንልም፤ ዕድሜው ያለቀ ድራም በጨርቅ አይታደስም። ነገር ግን ከእንግዲህ «ተበላሽቷል» ስንባል በትሕትና «ምኑ?» ብለን እንጠይቅ። ባለ ማሽኖቹ ስንሆንም ባለጉዳዩ ሳይጠይቀን ምኑ እንደሆነና መቼ እንደሚስተካከል እንንገረው። ከአንኮበር የመጣው ሰው ይህን ያህል መልስ ሊነፈገው አይገባም።