የድሬዳዋ ላቫጆ በጄሪካን ይታሰብ

ባለመኪናው ራሱ እያጠበ የሚከፍልበት ላቫጆ በውጭው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ተስፋፍቷል። አሠራሩም ቀላል ነው። ባለመኪናው ጣራ ወዳለው መደብ ይገባል፤ ሳንቲም ይከትታል፤ ማሽኑ ደቂቃ ይቆጥርለታል። በግፊት የሚረጨውን ቧንቧ አንሥቶ መጀመሪያ አቧራውን ያወርዳል፣ ቀጥሎ ሳሙና ይነፋል፣ በመጨረሻም ያለቀልቃል። ደቂቃው ሲያልቅ ውሃው ቀጥ ይላል። ሳይጨርስ ከቆመበት ሌላ ሳንቲም መክተት ነው። የሚያጥብለት ሠራተኛ የለም፤ ጉርሻ የሚጠብቅ ልጅም የለም።

ይህንኑ ድሬዳዋ ላይ አምጥቶ መትከል የሚያምረው ባለሀብት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢመልስ ይጠቀማል። ማሽኑ እዚያ የተፈለገው ምን ተወድዶ ነው? መልሱ የታወቀ ነው፤ የተወደደው የሰው ጉልበት ነው። አንድ አጣቢ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ የእጥበቱን ዋጋ ስለሚበላው ሥራው ለባለመኪናው ተተወለት። ድሬዳዋ ላይ ግን ባልዲና ጨርቅ ይዞ መኪና የሚጠብቅ ወጣት አልጠፋም። ከአጣቢው ጋር በደመወዝ ለመወዳደር የሚተከል ማሽን ገና ከመነሻው ተሸናፊ ነው። ደህና ልብስ ለብሶ ከቢሮ የወጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ራሱን የሚያረጥብበት ምክንያትም የለውም።

ታዲያ ሥራው አያዋጣም ማለት ነው? አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ያነሰው ጉልበት ሳይሆን ውሃ ነው። የሥራው ትርፍም የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረችው ሁልጊዜ የሚፈስ ወንዝ ዳር አይደለም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች በሞተር እየተሳበ ይመጣል። በሞተር የሚሳብ ውሃ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባሕር ዳር ላይ ተሽከርካሪ ጣና ዳር ወስዶ ማጠብ የተለመደ ነው። የሐይቁን ጉዳት ያየ ሰው በዚህ አይቀናም እንጂ፣ የእዚያ አጣቢ ቢያንስ የውሃ ሒሳብ የለበትም። የድሬው አጣቢ ግን እያንዳንዱን ጄሪካን ከቤተሰብ ጋር ተሻምቶ ነው የሚያገኘው።

እንግዲህ በጄሪካን እናስላ። አንድ የተከፈተ የጎማ ቧንቧ በደቂቃ 15 ሊትር ያህል ያፈሳል። አጣቢው ሳሙና ሲቀባ ቧንቧውን መሬት ላይ ጥሎት ስለሚሄድ ለ20 ደቂቃ ሳይዘጋ ይቆያል እንበል። 300 ሊትር ሄደ፤ ባለ 20 ሊትሩ 15 ጄሪካን ማለት ነው። መካከለኛ የግፊት ማሽን ደግሞ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ነው የሚያወጣው። ጣት ከመጫኛው ሲነሣ ይቆማል። አምስት ስድስት ደቂቃ በእውነት ቢረጭ ሦስት ጄሪካን ነው። በውጭ አገር የተለካውም በእጅ የሚሠራባቸው የግፊት መደቦች ለአንድ መኪና ከ50 እስከ 70 ሊትር አካባቢ እንደሚጠቀሙ ነው። ነጋዴው በጭንቅላቱ ሊይዘው የሚገባ ልክ ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ ግማሽ ጄሪካን። የደቂቃው ዋጋ የግማሽ ጄሪካኑን ውሃ፣ የሞተሩን መብራትና የሳሙናውን ድርሻ ሸፍኖ መትረፍ አለበት። የጎረቤት ላቫጆ ስንት ያስከፍላል ብሎ ከዚያ አምስት ብር መቀነስ ሒሳብ አይባልም።

በባልዲና በጨርቅ ብቻ የሚያጥበው ቆጣቢ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። በውሃ በኩል እውነት ነው፤ ሁለት ጄሪካን ሊበቃው ይችላል። ነገር ግን የድሬ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አሸዋው በውሃ ሳይወርድ በጨርቅ ሲታሽ ቀለሙን ይፍቀዋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ በእጅ ያለው መኪና የሚቆይበት ዕድሜ ይረዝማል፤ ቀለሙም ዋጋ አለው። መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ገዥ መጀመሪያ በጣቱ የሚዳብሰው ምን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ደንበኛው ማን ነው? ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ባለ አዲስ መኪናውን ዓይተው ይተክላሉ። እርሱ ግን ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ ሌላ ሰው እንዲያጥብለት የሚፈልግ ደንበኛ ነው። ራሱን በራሱ የሚያገለግለው ደንበኛ ድሬዳዋ ውስጥ ከድሮም አለ፤ ባጃጅ ነጂው። ባጃጇ የባለቤቷ ናት፤ ነጂው የቀን ገቢውን አስረክቦ፣ አጥቦና ወልውሎ ነው የሚያሳድራት። የሚያጥበው ራሱ ነው። ሁለትና ሦስት ደቂቃ የግፊት ውሃ፣ ማለትም ከአንድ ጄሪካን ብዙም ያልበለጠ፣ ይበቃዋል። ውሃ ፍለጋ ከሚዞርበት ጊዜ አንድ ሁለት ተሳፋሪ ማመላለስ ይችላል። ፔጆ 404 በከተማዋ የታክሲ ንጉሥ በነበረበት ዘመን ሾፌሩ መኪናውን እንደ ልጁ ራሱ ያጥብ ነበር፤ ዛሬ ያ ልማድ ወደ ባለ ሦስት እግሩ ተሻግሯል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከለገሃሬ እስከ ቀፊራ የሚርመሰመሰውን ባጃጅ ያየ ሰው ደንበኛ ከወዴት ይመጣል ብሎ አይጨነቅም። ትንሽ ይከፍላል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይመለሳል።

ሁለተኛው ደንበኛ ራሱ አጣቢው ነው። ማሽን መጣ በተባለ ቁጥር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የሚያጥቡ ወጣቶች ሥራቸውን ያጣሉ የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። የመደቡ ባለቤት ደመወዝተኛ ቀጥሮ ከእነርሱ ጋር ገጥሞ ቢሠራ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ደቂቃውን ግን በጅምላ ቢሸጥላቸውስ? ለምሳሌ 60 ደቂቃ ባንድ ላይ የሚገዛ አጣቢ በቅናሽ ያግኝ፤ ደንበኛውን ራሱ ያምጣ፤ የእጁን ዋጋ ራሱ ይቁረጥ። ያን ጊዜ ልጁ ውሃ ሲያባክን የሚያባክነው የራሱን ገንዘብ ነው። ቧንቧ መሬት ላይ ጥሎ ወሬ የሚያወራ አይኖርም። ባለ መደቡም የሠራተኛ ንትርክ ቀርቶለት ውሃና ግፊት ሻጭ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የድሬን ውሃ ጠባይ ያላወቀ ሰው ማሽን ባይገዛ ይሻለዋል። ውሃው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ነው። በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምን እንደሆነ ማንም የድሬ እናት ትናገራለች። ይኸው ቅርፊት የግፊት ማሽኑን አፍንጫ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሙቅ ውሃ የሚሰጥ ማሽን ከሆነ ደግሞ ማሞቂያውን ቀስ በቀስ ያንቀዋል። ሳሙናም በእንዲህ ያለ ውሃ በደንብ አያረፋም፤ አንድ እፍኝ ይበቃ የነበረው ሁለት ይሆናል። የከፋው ግን የመጨረሻው ነው። በድሬ ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ የቀረ ጠብታ በአፍታ ይደርቅና ነጭ ነጠብጣቡን ትቶ ይሄዳል። ጥቁር መኪና ያለው ሰው ከፍሎ ሲወጣ ጉንፋን እንደያዘው ዶሮ የተዥጎረጎረ መኪና ይዞ ቢወጣ ሁለተኛ አይመለስም።

መላ አለው። አንደኛው ውሃውን ማለስለሻ ነው፤ በጨው የሚታደስ ማጣሪያ ሲሆን ጨው ደግሞ ከአፍዴራ እስከ ጅቡቲ በዙሪያችን የሞላ ዕቃ ነው። የለሰለሰው ውሃ ምልክት ጨርሶ አይተውም ማለት ባይሆንም የሚተወው በቀላሉ ይወለወላል። ጨርሶ የነጻ ውሃ የሚያወጣው የውጭ አገር ማጣሪያ ግን ከሚያስገባው ውሃ የተወሰነውን ወደ ፍሳሽ እየጣለ ነው የሚሠራው። ውሃ ለመቆጠብ በተከፈተ ቤት ውስጥ ይህ መቀለድ ነው። ርካሹ መላ ደግሞ እጅ ነው፤ መኪናው ካለቀለቀ በኋላ ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ፈጥኖ የሚጠርግ ሰው። ማሽኑ ሊሠራው የማይችለው ይህንን ሲሆን ልጆቹ ዋጋ የሚያወጡበትም ቦታ ይኸው ነው። መደቡ ጥላ ይኑረው፤ ጥላ የሌለው የድሬዳዋ ላቫጆ በጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚሠራው። ያም ሆኖ በቀትሩ ሙቀት ከተማዋ ተኝታ ነው፤ የወር ገቢውን የሚያሰላ ሰው ያን ሰዓት ባዶ ብሎ ይያዘው።

የዕቃው ጉዳይ አጭር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር ስላለፈ ሙሉውን መደብ ከነሳንቲም መቁጠሪያው ከውጭ ማስመጣት የሚመከር አይደለም። ደግሞስ ሳንቲም ማን ይዞ ይመጣል? የእኛ ትልቁ ሳንቲም 1 ብር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ባጃጅ ነጂውም ሒሳቡን በስልክ ይቀበላል። ገንዘብ ተቀባይዋ ክፍያው መግባቱን አይታ አዝራር ብትጫን የሞተሩን መብራት ለሦስት ደቂቃ የሚለቅ ሰዓት ደህና የመብራት ባለሙያ ይገጥመዋል። ከውጭ መምጣት ያለበት ፓምፑ፣ ጠመንጃውና የግፊት ቱቦው ነው። አፍንጫ ደግሞ በመለዋወጫ በርከት ተደርጎ ይያዝ፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። ለመጠባበቂያ ሮቶና ጄኔሬተር ያልያዘ መብራት በጠፋ ቀን በሩን ይዘጋል።

ከባድ መኪናውንስ? ከጅቡቲ የሚመለሰው ተሳቢ በባሕሩ እርጥበትና በጨው አቧራ ሥሩ ይበላል፤ ከሥር በግፊት መታጠብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ነጻ የንግድ ቀጣናው ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ መጀመሩ ሲታሰብ ገበያው ያጓጓል። ሆኖም አንድ ተሳቢ የሚያራግፈው ጭቃና ግራሶ የሃያ ባጃጅ ጉድጓድ ይሞላል፤ መግቢያና መዞሪያውም ሌላ ስፋት ነው። እርሱ በመልካ ጀብዱ መስመር ለብቻው የሚታሰብ ሥራ ነው። ከባጃጅ ጋር አንድ ግቢ የሚያጉር ሁለቱንም ያጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የሚመጣውን ደግሞ የቻርጅ መሰኪያው ላይና የጎማ ማሸጊያዎቹ ላይ አፍንጫውን አስጠግቶ እንዳይረጭ መደቡ ግድግዳ ላይ በትልቁ መጻፍ ይበቃል።

የቀረው ቆሻሻው ውሃ ነው። ዘይትና ሳሙና የያዘውን እጣቢ ወደ ደቻቱ መልቀቅ የሚቀለው ይመስላል፤ አሸዋው ወዲያው ይጠጣዋልና ዓይን አያየውም። ነገር ግን የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ከሚመግቡት አንዱ ያው አሸዋ ነው። ዛሬ የጠጣውን ነገ ለጉድጓድ ይሰጣል። በከተማዋ ሥር ያለው ውሃ በመጸዳጃ ጉድጓዶች ፍሳሽ መበከሉ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል፤ የሞተር ዘይት ሊጨመርበት አይገባም። ሦስት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ከባድ ወጪ አይደለም። አንደኛው አሸዋውን ያስቀራል፣ ሁለተኛው የሚንሳፈፈውን ዘይት ይይዛል፣ ከሦስተኛው የሚወጣው ውሃ ለመጀመሪያው አቧራ ማውረጃ ተመልሶ ይረጫል። ከሦስት ጄሪካን አንዱ በዚህ ይተርፋል። አስተዳደሩም ለላቫጆ ፈቃድ ሲሰጥ የግብር መለያ ቁጥርና የቤት ኪራይ ውል ብቻ ከሚጠይቅ ጉድጓዱን ቢያይ፣ ውሃ መልሶ ለሚጠቀምም የታሪፍ ማበረታቻ ቢያስብ ለሁለቱም ይበጃል።

ቦታ የሚያሳይ ደላላ ደቻቱ ዳር ሰፊና ርካሽ መሬት አለ ሊል ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ያ አሸዋ ውሃ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለሮቶና ለፓምፕ የሚመረጠው ከዚያ ራቅና ከፍ ያለ፣ ኪራዩም ጨመር ያለ ግቢ ነው።