የገደል ማሚቶ ምስክር አይሆንም

በጀማ ገደል አካባቢ ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከገደሉ ሥር የሚጣራ ሰው ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እርሱ ካለበት በኩል ሳይሆን ከማዶው ጋራ ነው። ስለዚህ እረኛው በመጀመሪያው ጥሪ አይሮጥም። ቆም ብሎ ሁለተኛውን ያዳምጣል፤ ቦታ ቀይሮ ሦስተኛውን ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። የገደል ማሚቶን አምኖ የወረደ ግን የሚያገኘው ባዶ ቋጥኝ ነው።

ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን የዚህን እረኛ ጥንቃቄ በኪሳችን ከያዝነው መሣሪያ ማጣታችን ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ወደ ዓለም ከተማ ሄደን ነበር። ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ጀማ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ከገደሉ ሥር ቆመን «የት ነን?» ብለን ሦስት ስልኮችን ብንጠይቅ ሦስት ልዩ ልዩ ቦታ ነገሩን፤ አንደኛውማ ከወንዙ ማዶ አቆመን። ያን ጊዜ ሣቅን፤ የታመመ ሰው አልነበረማ! ማታ ግን በዚያው ቦታ እግሩ የተሰበረ ገበሬ ወይም ምጥ የያዛት እናት ብትኖርስ ብለን ስናስብ ሣቁ ጠፋብን። በዓለም ከተማ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። ይሁን እንጂ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ማዶ ለማዶ መሳሳት እንደ ከተማ መንገድ ማዶ መሳሳት አይደለም። የሰው ሕይወት የሚያልፍበት ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ያለበትን ስፍራ በትክክል ለማወቅ ርቀት ይለካል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል 300 ሜትር ማለት ነው። ከማማው ወይም ከሳተላይቱ የተነሣው ሞገድ የፈጀው ጊዜ ከታወቀ ርቀቱ ይታወቃል፤ ከብዙ ወገን የተለካ ርቀትም ነጥቡን ይሰጣል። ይህ ሒሳብ ሁሉ የቆመው ግን ሞገዱ በቀጥታ መጥቷል በሚል እምነት ላይ ነው። በማማውና በስልኩ መካከል ገደል ከቆመ ሞገዱ ከማዶው ግድግዳ ነጥሮ ይመጣል። በቀጥታ 2,000 ሜትር የሆነው ዞሮ ሲመጣ 3,200 ሜትር ቢሆን፣ ስልኩ ከማማው 1,200 ሜትር አላግባብ ይርቃል። ስሕተቱም አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ ሌላ ጊዜ ወደዚያ የሚል አይደለም፤ ዞሮ የመጣ መንገድ ከቀጥታው አጥሮ አያውቅምና ሁልጊዜ ወደ ማርዘም ያደላል። ስለዚህ መቶ ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ መቶ ጊዜ ማሚቶን ከመስማት አይለይም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ መፈለግ ከተጀመረ ቆይቷል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የስልክ ኩባንያዎች የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማውን ሰው ስፍራ እንዲያመለክቱ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ዋይሊና ሆልትስማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተጋረደውን መንገድ ከቀጥታው የሚለይ ዘዴ አቀረቡ፤ ልኬቱ መሣሪያው በተፈጥሮው ከሚያሳየው መዋዠቅ አልፎ የሚዋዥቅ ከሆነ መንገዱ ተጋርዷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዘዴ ምስክሮችን ማፋጠጥ ነው፤ አምስት ማማዎች ካሉ እያንዳንዱን በተራ አስወጥቶ ሌሎቹ ሲስማሙ የትኛው እንደሚያውክ መመልከት። ሦስተኛው የሞገዱን መልክ መመርመር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ክፍል ብርቱ ከሆነ በቀጥታ የመጣ ይመስላል፤ ደክሞና ተበታትኖ ከደረሰ ግን ይጠረጠራል። ዛሬ ይህን መልክ እንዲያውቁ ኮምፒዩተሮችን በብዙ ምሳሌ ማሠልጠን ተለምዷል።

ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ምስክር ማፋጠጥ ብዙ ምስክር ላለበት ከተማ ነው። በቆላው አንድ ማማ ብቻ የሚሰማበት ስፍራ አለ፤ ሰማዩም በሁለት ገደል መካከል ጠብቦ ሳተላይቶቹ ይጋረዳሉ። አንድ ምስክር ብቻውን ሲዋሽ ማን ይፋጠጠዋል? በሕንፃ ኮሪደርና በፋብሪካ አዳራሽ የሠለጠነ ኮምፒዩተርም የጀማን ገደል አይቶት አያውቅም። እንግዲህ ለአገራችን የሚሆነውን ሌላ ሰው ሠርቶ እስኪልክልን መጠበቅ አይገባንም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ደግሞ ያለ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የአብዛኛውን የምድር ገጽ ከፍታ በራዳር ለካች፤ የ30 ሜትር ዝርዝር ያለው ካርታ ዛሬ ለማንም ተማሪ በነጻ ይገኛል። ከዚህ ካርታ ላይ ከማማው እስከ ስልኩ መሥመር አስምሮ በመካከሉ ጋራ መኖሩን ማወቅ ይቻላል። የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ከሩቅ አገር ላቦራቶሪ ይልቅ ጀማን ቢለኩ፣ እኛም የለካውን መሣሪያ ተሸክመን ገደሉን ለመውረድ ዝግጁ ነን።

«አገሩ ሁሉ ገና ኔትወርክ ሳያገኝ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ማማው ነገ ሲቆም ስሕተቱ አብሮት ይቆማል። «የአርትስ ተማሪ ምን አገባው?» ለሚሉም መልስ አለን። ታሪክና ሕግ የሚያስተምሩን ዐይቶ የመሰከረን ሰምቶ ከመሰከረ መለየት ነው፤ ይህም ጥያቄ ያው ነው። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነበረ። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። የዚያ ሥርዓት ክፋቱ መሳሳቱ ብቻ አልነበረም፤ «አላወቅሁም» የሚልበት ቃል አለመኖሩ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከትክክለኛ ነጥብ አስቀድሞ እውነተኛ ቃል ነው። መሣሪያው መንገዱ መጋረዱን ከጠረጠረ ለአምቡላንስ ነጂው «ሰውየው እዚህ ነው» አይበለው፤ «ሞገዱ በቀጥታ አልደረሰኝም፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ፈልግ» ይበለው። ነጂው ያን ጊዜ ድልድዩን ከመሻገሩ በፊት ቆም ብሎ የመንደሩን ሰው ይጠይቃል። የመርሐቤቴ እረኛ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።