ዋርዱ ስንት ነርስ እንዳለው ሕዝብ ይወቅ

በሆስፒታሎቻችን የነርስ እጥረት በተነሳ ቁጥር «ሕግ ይውጣልን» የሚል ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ሕጉ ግን አለ። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 ከወጣ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ለየደረጃው የጤና ተቋም ዝቅተኛ መስፈርት ተዘጋጅቷል። ተቋሙ ሊኖረው የሚገባው የባለሙያ ዓይነት፣ ክፍልና መሣሪያ በዚያ ተጽፏል። የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያዎቹም ለነርሲንግ አገልግሎትና ለኢንፌክሽን መከላከል የየራሳቸውን ምዕራፍ ሰጥተዋል። የጎደለው መስፈርቱ መጠበቁን ከሆስፒታሉ ባለቤት ውጭ የሚጠይቅ አካል ነው። የቁጥጥሩንም ውጤት ታካሚው አያየውም። ይህ እስካልተቀየረ ድረስ አዲስ መመሪያ ቢጨመር ፋይሉን ከማወፈር አያልፍም።

የዚህን ክፍተት ክብደት ለማየት ወደ ደቡብ ቆላ መውረድ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነገሌ ቦረና የጉጂን፣ የቦረናንና የሊበንን ሕዝብ የምታገናኝ ከተማ ናት። በአዶላና በነገሌ መካከል ካለችው ከወደራ የሚነሳ ሪፈር ታካሚም ከሁለቱ ወደ አንዱ መሄድ አለበት። በመስፈርቱ መሠረት አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። ቁጥሩ ግን የሚታሰበው ለደህና ጊዜ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎዱ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ የተነሳው ኮሌራም ወደ ጉጂና ወደ ሊበን ተዛመተ። እንዲህ ባለ ወቅት አልጋው ይሞላል፣ ፍራሽ ወለል ላይ ይነጠፋል፤ በፈረቃው የሚመደበው ነርስ ግን አብሮ አይጨምርም።

የነርስ ቁጥር የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑ ከተጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቫንያ 168 ሆስፒታሎች ባደረጉት ጥናት፣ ለአንድ ነርስ የሚደርሰው ታካሚ በአንድ በጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ይላል። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ቁጥሩን በሕግ ወስና፣ ከ2005 ጀምሮ በተራ ዋርድ አንድ ነርስ ከአምስት በላይ ታካሚ እንዳትይዝ አድርጋለች። «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥሩን እንዳለ እንቅዳ አላልኩም፤ የራሳችንን አቅም ያየ ቁጥር ይቀመጥ። አደጋው ግን አገር አይመርጥም። እኛ ዘንድ የነርሷን ጉድለት የሚሸፍነው አስታማሚ ነው፤ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ የሚጠራው እሱ ነው። ቤተሰቡ ከብት ተከትሎ ለሚዞር አርብቶ አደር ደግሞ ይህም አይገኝም፤ አንዱ ሆስፒታል ከዋለ ሌላው ከብቱን ውሃ ማጠጣት አለበት። ሥርዓቱ የቆመው በሌለ ሰው ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው።

የነርሷ የራሷ ደህንነትም ከቁጥሩ አይነጠልም። ሌሊቱን ዋርድ ሙሉ ታካሚ ብቻዋን የያዘች ነርስ በጥድፊያ መርፌ ይወጋታል። ከተወጋች በኋላ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን መወሰድ አለበት። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ደግሞ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ መሰጠት የነበረበት ነው። ጓንት ነበር? ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቶ ነበር? አደጋውስ ተመዘገበ? ኢትዮጵያ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ሁሉ ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አይታቀፍም። ስለዚህ የፋብሪካውን በር የሚያንኳኳ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የመንግሥት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉም ጠንካራው መቃወሚያ ይህ ነው፦ መስፈርቱ ይከበር ቢባል ብዙው የቆላ ሆስፒታል መዘጋት አለበት፤ ታማሚውም ሐዋሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። እውነት ነው፣ መዝጋት መልስ አይደለም። ስህተቱ ግን ቅጣትን ከመዝጋት ጋር ብቻ ማያያዙ ላይ ነው። የግል ክሊኒክ መስፈርት ሲያጓድል ባለቤቱ ይጠየቃል። የመንግሥት ሆስፒታል ሲያጓድል የምትወቀሰው ሜትሮኗ ናት፤ እሷ ደግሞ መደብ የመክፈትም በጀት የማጽደቅም ሥልጣን የላትም። የጉድለቱ ሪፖርት መድረስ ያለበት በጀቱን ለያዘው ነው፤ ያም ዞኑ፣ ቢሮውና ምክር ቤቱ ነው። ተቆጣጣሪውም ከባለቤቱ መለየት አለበት። በአዋጅ 1112/2011 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በምግብና በመድኃኒት ላይ ብቻ እንዲያተኩር ሲደረግ የተቋማት ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ተመልሷል። የሚያስተዳድረው ራሱን ይመርምር ማለት ነው፤ ይህን ልክ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

«ባለሙያ የለም» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ነርሶች ተመርቀው ሥራ አጥተው በተቀመጡባት አገር እጥረቱ የመደብና የበጀት ነው። ተመድበው የሚለቁትም ቤት አጥተው፣ የዲዩቲ ክፍያ ዘግይቶባቸው፣ በየመንገዱ ያለው የጸጥታ ችግር አስፈርቷቸው ነው። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የመንግሥት መልስ ሕገወጥ ነው የሚል ነበር፤ የታሰሩም ነበሩ። ሥራ የማቆምን መንገድ የዘጋ መንግሥት ሌላ የአቤቱታ መንገድ የመክፈት ግዴታ አለበት። መጀመሪያውም ከባድ አይደለም፦ በየዋርዱ በር ላይ በየፈረቃው ስንት ነርስ ስንት ታካሚ እንደያዘች በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ይለጠፍ፤ የመርፌ ውጋትና በነርሶች ላይ የሚደርስ ጥቃት መዝገብም በየሩብ ዓመቱ በጀት ለሚያጸድቀው ምክር ቤት ይቅረብ።